ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ጅማ በረሃ ነው

ሳቁብኝ፣ ችግር የለም። ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ከሂርማታ ገበያ ስመለስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ነበር። የባጃጁ ልጅ በመስታወት አይቶኝ «እህቴ፣ ታምመሻል እንዴ?» አለኝ። አልታመምኩም፣ ሞቆኝ ነው ስለው ከት ብሎ ሳቀ። «ይሄም ሙቀት ሆኖ! ጋምቤላ ብትሄጂ ምን ልትይ ነው?»

እውነቱን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጅማ ወደ 1,780። አንድ ሺህ ሜትር በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሰውነቴ ግን ይህን ሒሳብ አልተማረም።

ደግሞ ሙቀቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ወበቁ ነው የሚያደክመው። ዝናብ ሊመጣ ሲል አየሩ ይከብዳል፣ ልብስ ቢሰጣም አይደርቅ። እቤት ገብቼ መሶቡን ብከፍት እንጀራው ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አውጥቷል! አገሬ እኮ እንጀራ ሳምንት ይከርም ነበር። አከራዬ እማማ አይተው «ልጄ፣ እዚህ ትንሽ ትንሽ ነው የሚጋገረው፤ ገበያም በጠዋት ነው የሚወጣው» አሉኝ። ከዚያ ቡና አፈሉ። በዚህ ሙቀት ትኩስ ቡና! ሦስተኛውን ሳልጠጣ ግን አልተነሳሁም፤ የጅማ ቡና ነዋ።

ጋቢዬ ሻንጣ ውስጥ ተኝቷል። ቅዳሜ ጅሬን ኮረብታ ልወጣ ነው። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ኮረብታው ላይ የሠሩት ለምን እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ፤ እኔ የምሄደው ለነፋሱ ነው። አብሮኝ የሚወጣ?