የመስታወት ሕንጻ ትምህርቴ፦ ሦስተኛ ወር

ሁለት ወር ሙሉ የማይሆን ቁጥር ሳሳድድ ነው የከረምኩት። የምማርባቸው መጻሕፍት የአውሮፓ ናቸው፤ ጭንቀታቸው ሁሉ ብርድ ነው። እኔም ለቤተ መጻሕፍት ንድፌ ሙቀት የማያስወጣ መስታወት ስፈልግ ሰነበትኩ። ሙቀት በመስታወቱ ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚያሳየው ዩ-ቫልዩ የሚሉት ልኬት (ሲያንስ ይሻላል) ለነጠላ መስታወት 5.7 አካባቢ ነው፤ ተራ ድርብ መስታወት ወደ 2.8 ያወርደዋል። ደስ ብሎኝ ነበር። ንድፉ ግን አዲስ አበባ ላይ ነው! እዚህ የምታስቸግረው ፀሐይዋ ናት፤ ጥርት ያለ ድርብ መስታወት ደግሞ የፀሐዩን ሙቀት 70 በመቶ ገደማ ያስገባዋል።

ይሄ የገባኝ አንድ ንባብ ቤት ተቀምጬ ነው። የምዕራብ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ዐሥር ሰዓት ሲሆን የላፕቶፔ ስክሪን አልታይ አለ። አጠገቤ ያለው ልጅ ምንም ሳይል ጋዜጣ አወጣና በፕላስተር ለጠፈ። የለመደው ነው መሰለኝ።

ቤት ገብቼ አሰላሁ። ከተማዋ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። በታኅሣሥ እንኳ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ስለዚህ በደቡብ በኩል 1.5 ሜትር ቁመት ላለው መስኮት ከላዩ ወደ ውጭ የወጣ፣ አንድ ሜትር የማይሞላ አግድም ጥላ ይበቃል። ምዕራብ ላይ ግን ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትገባለች። በአግድም ጥላ ልከልክላት ብል በረንዳ መሥራት ሊሆንብኝ ነው።

ከዚያ ሁለት የጫማ ካርቶን መስታወት ገጥሜላቸው ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩ። አንዱን ነጭ ወረቀት ከውስጥ ጋረድኩት፣ ሌላውን ከውጭ። ከውስጥ የጋረድኩት ጋለ። መጋረጃው ብርሃኑን የሚይዘው ከገባ በኋላ ነዋ፤ ሙቀቱ እዚያው ይቀራል።

አንድ አልሙኒየም ሠራተኛ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አሳየኝ። ድርብ መስታወት ፊት ላይተር ሲለኩሱ አራት ነበልባል ይታያል፣ ለእያንዳንዱ የመስታወት ገጽ አንድ፤ ቀለሙ የተለየው ሎው-ኢ የሚሉት ሙቀት የሚመልስ ስስ ቅብ ያለበት ገጽ ነው። ከውጭ ሲቆጠር ሁለተኛው ገጽ ላይ ከሆነ ፀሐይን ለመመለስ ይሻላል። እኔ የሳልኩት ሦስተኛው ላይ ነበር፣ የብርድ አገሩን።

አሁን ደረጃውና መጸዳጃ ቤቱ ወደ ምዕራብ ሄደዋል፤ ንባቡ ሰሜን ሆኗል። ምዕራብ ላይ የቀሩትን ሦስት መስኮቶች በቁም ሳንቃ ልሞክራቸው ነው። በስንት ሳንቲ ሜትር ርቀት እንደምደረድረው የሞከረ ካለ ይንገረኝ።