ከፖስታ ሳጥኑ አጠገብ

ጎረቤቶቼ መርጠውኝ ከጃንዋሪ 2 ቀን 2025 ጀምሮ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ የሰፈሬ አማካሪ ኮሚሽነር ነኝ። ኮሚሽኑን ሰው በአጭሩ ኤኤንሲ ይለዋል። ደሞዝ የለውም። ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው፣ ፓርቲ የለበትም፣ አንድ ኮሚሽነር ወደ 2,000 ነዋሪ ይወክላል። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «እንደ ቀበሌ ነው?» አለችኝ። አይ እማዬ፣ መታወቂያ አልሰጥም፣ ግን ሰፈራችን ውስጥ ፎቅ ሊሠራ ወይም የመጠጥ ፈቃድ ሊሰጥ ሲል ከተማው አስቀድሞ ያሳውቀናል አልኳት። «እንግዲያው በርቺ» አለችኝ።

ነገሩ የተጀመረው ከሕንፃችን የፖስታ ሳጥን አጠገብ ነው። ከፓርኪንግ ሥራዬ ማታ ስመለስ አራተኛ ፎቅ ያሉት እናት ፖስታ ይዘው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ።» አንዳንዱ ማስታወቂያ ነው፣ ይጣላል። አንዳንዱ ግን የምግብ እርዳታቸው ሊቋረጥ መሆኑን የሚናገር ደብዳቤ ነው፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን ደግሞ አልፏል። ቀስ በቀስ ሌሎችም መጡ። ሦስት ዓመት እንዲህ አነበብኩ።

ያናደደኝ በኋላ ያወቅሁት ነው። ከተማው ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አለው። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግላቸው ሰዎች 500 ወይም 3 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው ማለት ነው፣ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶቹን በዚያ ቋንቋ መተርጎም ግዴታው ነው። አማርኛ ከስፓኒሽና ከቻይንኛ ጋር ስሙ የሚጠራ ቋንቋ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅም መብት ነው። እና እኚያ እናት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ እንቅልፍ ሲያጡ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንበብ ብቻ ትቼ «በአማርኛ ላኩላቸው» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

ቀጥሎ ሕንፃው ሊሸጥ ነው ተባለ። ዲሲ ውስጥ ከ1980 ጀምሮ አከራይ እንደኛ ያለውን ሕንፃ ሲሸጥ መጀመሪያ የመግዛት ዕድሉ የተከራዮቹ ነው። ግን ማኅበር መሥርቶ ለመመዝገብ ያለን 45 ቀን ብቻ ነበር፣ የአብዛኛው ቤት ፊርማም ያስፈልጋል። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። እኔ ለሐበሻው በአማርኛ፣ አንዲት የኤልሳልቫዶር ሴት ለወገኖቿ በስፓኒሽ፣ ማሽኑ እየጮኸብን። ሁለት ምሽት ሙሉ «ብንፈርም ያባርሩናል» የሚሉ ሰዎችን በር ላይ ቆሜ ሳስረዳ አስታውሳለሁ። ፍርሃታቸውን አልነቅፍም፣ ፊርማ ሰው የሚያሳስርበት ዘመን ያሳለፉ ናቸው። በመጨረሻ ፈረሙ። መብታችንን ጥገና ለማድረግ በጽሑፍ ለተስማማ ገዢ አስተላለፍን፤ ማንም ሰው ከቤቱ አልወጣም።

«ለኮሚሽነርነት ተወዳደሪ» ያለችኝ ያቺው የኤልሳልቫዶር ጎረቤቴ ናት። ለመመዝገብ የሚያስፈልገው 25 ፊርማ ነው። እኛ ሕንፃ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ሞላ። ኖቬምበር 2024 ላይ ዜግነት ያላገኙ ጎረቤቶቼ ጭምር መረጡ። ሕጉ ለከተማው ምርጫ ከፈቀደላቸው ወዲህ የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ነበር። አንድ ጋሼ ሱፍና ክራቫት አድርገው ነው የሄዱት።

አሁን ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ የምጽፈው ደብዳቤ ያው ነው። ድሮ የምጽፈው መልስ ሳያገኝ ይቀር ነበር። ኮሚሽኑ ተሰብስቦ በድምፅ ሲወስን ግን የከተማው መሥሪያ ቤት ሐሳባችንን ባይቀበል እንኳን ያልተቀበለበትን ምክንያት በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ለዚህች ለአንዷ ነገር ስል ምሽቴን ሁሉ ብሰጥ አይቆጨኝም።

የከበደኝ ሌላ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ የአንድ ሐበሻ ምግብ ቤት የመጠጥ ፈቃድ ይታያል። ባለቤቱ «እህቴ፣ አንቺማ አለሽልኝ» ብሎ ደወለልኝ። ከምግብ ቤቱ በላይ ደግሞ ሕፃን ያላት እናት አለች፣ በሙዚቃው ልጄ አይተኛም ትላለች። እሷንም የምወክላት እኔ ነኝ። ለእሱ ቃል አልሰጠሁትም። አርብ ማታ ከሥራ ስወጣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ እሷ ቤት እገባለሁ፣ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ቁጭ ብዬ ድምፁን ራሴ እሰማለሁ። ቅዳሜ ደግሞ እሱ ጋ እሄዳለሁ።