እጁን እዩት

ዛሬ እንዲሁ ደብሮኛል። ሰበብ ብፈልግለት አላጣም፤ ሐምሌ ነው፣ እሁድ ነው፣ ሰማዩም ከጠዋት ጀምሮ አንዴ ዶፉን ያወርደዋል አንዴ ያካፋል። ፒያሳ ውድድር የምናይበት ቤት ሲፈርስ ወደ ካዛንቺስ ዞርን፤ ካዛንቺስም ፈረሰ። አሁን የቀረችን ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ያለችው ጠባብ ካፌ ናት። እዚያ ደግሞ የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ሲተላለፍ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግተው ሙዚቃ ይለቃሉ። 10 ሰዓት ላይ መኪኖቹ ቤልጂየም፣ ስፓ ላይ ተሰልፈው፣ ከስፒከሩ የሰርግ ዘፈን! አብራኝ የነበረችው ልጅ ማኪያቶዋን እያማሰለች «ሲዞሩ ነው እንዴ ቁጭ ብለህ የምታየው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ድምፁ ከተዘጋ እውነቷን ነው፤ መዞር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ውድድሩን ትቼ ስለጎደለው ድምፅ ማሰብ ጀመርኩ። በተለይ ውድድሩን ከሚያስተላልፉት ሁለት ኮሜንታተሮች ስለ ሁለተኛው። አንደኛው ኮሜንታተር የሆነውን ይነግረናል፤ ማን ቀደመ፣ ማን ወጣ፣ ስንት ዙር ቀረ። ይሄ የጋዜጠኛ ሥራ ነው፤ ጉሮሮና ፈጣን ዓይን ይበቃዋል። ሁለተኛው ግን ራሱ ሲወዳደር የኖረ ሰው ነው። የሱ ሥራ ለምን እንደሆነ መናገር ነው፤ ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ከመሆኑ አንድ ኩርባ ቀድሞ።

ምክንያቱም ቴሌቪዥን ይዋሻል። ከሩቅ አቅርቦ የሚያነሳ ካሜራ ዳገቱን ሜዳ ያደርገዋል፣ ፍጥነቱንም ይበላዋል። ስፓ ላይ ኦ ሩዥ የሚሉት ቦታ በስክሪን ሲታይ ቀለል ያለች ጥምዝምዝ ትመስላለች። መኪናው ግን ቁልቁለቱን በሙሉ ነዳጅ ወርዶ፣ ግርጌው ላይ ሆዱ አስፋልት እስኪነካ ተጨፍልቆ፣ ወዲያው ወደ ዳገት ይወነጨፋል። አናቱ ላይ ሲደርስ ክብደቱ ይቀላል፤ ጎማው መንገዱን መያዙን የሚቀንሰው ልክ መሪ መዞር ባለበት ቅጽበት ነው። አሽከርካሪው ደግሞ ከዳገቱ ማዶ ያለውን አያይም። ይህን በዚያ ያለፈ ሰው ካልነገረን ከየት እናውቀዋለን?

አሽከርካሪው ራስ በላይ ከተተከለችው ካሜራ ምስል ሲመጣ እኛ መንገዱን እናያለን፤ ሁለተኛው ኮሜንታተር ግን የአሽከርካሪውን እጅ ያያል። መኪናው ጤነኛ ከሆነ መሪው አንዴ ይዞራል፣ ይቆያል፣ ይመለሳል። አንዴ ዞሮ ቆይቶ፣ ኩርባው መሃል ላይ እንደገና ትንሽ ከተጨመረበት፣ የፊት ጎማዎቹ እየተንሸራተቱ ነው ማለት ነው፤ መሪው ይዞራል፣ መኪናው ግን ወደ ውጭ ይሄዳል። ስለዚህ አሽከርካሪው ነዳጅ ለመርገጥ መጠበቅ አለበት። እዚያች ላይ የጠበቃት ቅንጣት ጊዜ ቀጥታው መንገድ መጨረሻ ላይ ብዙ ሜትር ትሆናለች። እኛ የምናየው መጨረሻውን ነው፤ «ተቀደመ!» ብለን እንጮኻለን። የተቀደመው ግን ቅድም ነው፣ እጁ ላይ። መሪው በተቃራኒው ወደ ኋላ ቶሎ ቶሎ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የኋላው እየሾለከ ነው። እያንዳንዷ ማረሚያ የኋላ ጎማውን ገጽ ታግለዋለች፤ የጋለው ጎማ ይበልጥ ይሾልካል፤ የሾለከው ይበልጥ ይግላል። ይህን ያየ ሰው፣ የዙር ሰዓቱ ገና ሳይጨምር፣ ይሄ ልጅ ቶሎ ጎማ ሊቀይር ይገባል ብሎ ይነግራችኋል።

ጆሮም አለ። ኩርባ መውጫ ላይ የሞተሩ ድምፅ ተቆርጦ ከተመለሰ እግሩ ነዳጁን አንስቶ ነበር ማለት ነው። ቀጥታ መንገዱ ሳያልቅ ድምፁ አስቀድሞ ከወደቀ ግን ፈርቶ ላይሆን ይችላል፤ ነዳጅ እየቆጠበ ይሆናል። ከ2010 ወዲህ በውድድር መሃል ነዳጅ መሙላት ክልክል ስለሆነ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) በያዙት መጨረስ ግዴታ ነው። ሁለቱን ድምፆች መለየት የሚችለው ሁለቱንም በእግሩ ያደረገው ነው።

ለዚህ ሁሉ ጀርመን ውስጥ ከተደረገው የ2005ቱ የኑርቡርግሪንግ ውድድር የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ያን ዓመት ሕጉ ጎማ መቀየርን ከልክሎ ነበር፤ ካልተበላሸ በስተቀር ማጣሪያውንም ውድድሩንም በአንድ ጎማ ነበር የሚጨርሱት። ኪሚ ራይኮነን በማክላረን ቡድን መኪና እየመራ፣ አንድ ዙር የተደረበበትን መኪና ሲያልፍ ፍሬን ላይ የፊት ጎማው ቆለፈ። የቆለፈ ጎማ አይሽከረከርም፤ መንገዱ ላይ እየተጎተተ አንድ ቦታው ብቻ ይፋቃል፣ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጎማው በዞረ ቁጥር ያቺ ጠፍጣፋ ቦታ አስፋልቱን ትመታለች። ክፋቷ ደግሞ ሌላ ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እዚያችው ጋ መቆለፍ ይወዳል፣ ጠፍጣፋዋም ትሰፋለች። በስክሪን የራስ ቁሩ ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር። ተራ ተመልካች «ይመራል፣ ምን ችግር አለ» ይላል። በዚያ ወንበር የተቀመጠ ግን ሁለት ነገር ያውቃል፤ ዓይን ሲርገበገብ ፍሬን መያዣው ምልክት እንደማይታይ፣ ንዝረቱ ደግሞ ጎማው ጋ እንደማይቆም፤ ጎማውን ከመኪናው ጋር ያያያዙትን ቀጫጭን የካርቦን ክንዶች እየሰበረ እንደሆነ። የመጨረሻው ዙር መጀመሪያ ላይ፣ አንደኛው ኩርባ ጋ ፍሬን ሲረግጥ ክንዱ ተሰበረ። ፈርናንዶ አሎንሶ አሸነፈ።

ጎማ መቀየሩም ሒሳብ ነው፤ አጭር ነው፣ ልለፈው። መኪናው ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው የሚቆመው፤ መቀየሪያው መስመር ላይ ግን በአብዛኛው ቦታ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ስለማይነዳ ጠቅላላ ኪሳራው ወደ 20 ሰከንድ ይደርሳል። ይህን ጋዜጠኛውም ይደምራል። የቀድሞው ተወዳዳሪ የሚጨምረው አዲሱ ጎማ በመጀመሪያው ዙር ምን ያህል እንደሚታመን ነው፤ ነጭ ምልክት ያለው ጠንካራ ጎማ በቀዝቃዛ ቀን ሳይሞቅ ከወጣ፣ በወረቀት የተገኘው ትርፍ ሁለት ኩርባ ላይ ያልቃል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ስላወቀ ሻምፒዮን የነበረ ሁሉ ጥሩ ኮሜንታተር ይሆናል? አይሆንም። ጎበዝ ባለሙያ እናት ጨው ስንት ነው የምትጨምሪው ሲሏት «እንደሚሆነው» ነው የምትለው። ብዙ ሻምፒዮኖችም እንደሚሆነው ነው የነዱት። ዛሬ ኮሜንታተር የሆነው ማርቲን ብራንድል ግን 158 ጊዜ ተወዳድሮ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በ1992 ቤኔተን ቡድን ውስጥ ከሚካኤል ሹማኸር፣ በ1994 ማክላረን ውስጥ ከሚካ ሃኪነን ጋር ተጣምሮ ነድቷል። ከጎንህ ያለው ልጅ በአንድ መኪና ከአንተ ሲፈጥን ማታ ማታ የመሪውን፣ የፍሬኑን፣ የነዳጁን መስመር ወረቀት ላይ አነጻጽረህ ልዩነቱ የትኛው ኩርባ፣ የትኛዋ ሜትር ላይ እንደሆነ መፈለግ አለብህ። ሰውየው ከ1997 ጀምሮ ማይክ ይዞ የሚሰራው ያንኑ ይመስለኛል፤ የሌላ ሰው ፍጥነት ከየት እንደመጣ መፈለግ።

እዚህ ላይ የጄምስ ሃንት ታሪክ ይቃወመኛል። የ1976 ሻምፒዮን ነው፣ ግን ከአንደኛው ኮሜንታተር ከመሬይ ዋከር ጋር ቢቢሲ ላይ ከ1980 እስከ 1993 የሰራውን ዛሬም ሰው ይናፍቀዋል። አንድ ማይክ ሰጥተዋቸው እየተቀባበሉ ነበር የሚናገሩት። ዋከር ቆሞ ይጮኻል፤ ሃንት ተዘርፍጦ በቀዝቃዛ ድምፅ ፍርዱን ይሰጣል። ማንንም አይፈራም፣ ማንንም አያባብልም። ግን ያው ድፍረት ቂምም ነበረበት። በ1978 ሞንዛ ላይ ሮኒ ፒተርሰን ለሞት በተዳረገበት ግጭት ሪካርዶ ፓትሬሴን ጥፋተኛ አድርጎ ያዘው፤ ፒተርሰንን ከእሳት ውስጥ ከጎተቱት አንዱ ራሱ ሃንት ነበርና ሐዘኑ ይገባል። የጣሊያን ፍርድ ቤት ፓትሬሴን ነጻ ካወጣ በኋላም ግን ሃንት በማይኩ መውቀሱን አልተወም። አብሮ የተወዳደረ ሰው ይህ አደጋ አለበት፤ ሰዎቹን ያውቃቸዋል። የሚያውቀውን መናገርና ያኮረፈውን መናገር ከውጭ ሲሰሙ አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው።

ሌላው ዕውቀት ይሻግታል። በሦስት ፔዳል የነዳ ሰው ስለ ዛሬው መኪና ሲያወራ አንዳንዴ ስለ ሌላ ሥራ የሚያወራ ይመስላል። በ2011 የመጣው፣ ለመቅደም እንዲያግዝ የኋላ ክንፍ የሚከፈትበት አሠራር (DRS) በ2026 ሕግ ቀርቷል፤ ጉልበቱም ግማሽ ያህሉ ከባትሪ ሆኗል። ስለዚህ ደህና ኮሜንታተር ዓርብ ዓርብ በልምምድ ሰዓት ኩርባ ዳር ቆሞ ያያል፣ ኢንጂነር ይጠይቃል፣ ከውድድሩ በፊት መኪኖቹ በተሰለፉበት ሲዞር ሰው ያናግራል። «በኛ ጊዜ» ብሎ የሚጀምረውን ግን ተዉት፤ እኛ ሀገር በአትሌቲክሱም በኳሱም አልጠፋም፣ ሩጫው ሲጦፍ እሱ የራሱን የድሮ ሜዳሊያ ያወራል።

ግጭት በሚታይ ጊዜ መልሶ የሚታየው ምስል የሁለተኛው ኮሜንታተር ነው፤ አሥርና አሥራ አምስት ሰከንድ ቢሰጡት ነው። ሰፈር ውስጥ «ማን ገፋው?» ብለን ስንጣላ፣ እሱ አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ በውስጥ በኩል የገባው መኪና የፊት ጎማ ኩርባው መሃል ሲደርሱ ከሌላው መኪና መስታወት ጋር እኩል ነበር ወይስ አልነበረም። ዳኞቹም መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

ከባድ አደጋ ሲሆን ደግሞ የሚለካው በዝምታው ነው። መላ አይመታም። መሪውን ነቅሎ አወጣ ወይ፣ እጁ ተንቀሳቀሰ ወይ፣ ሰራተኞቹ እየሮጡ ነው ወይስ ጨርቅ እየጋረዱ፤ እነዚህን ያያል፣ የሚናገረው ግን ያረጋገጠውን ብቻ ነው። በ2020 ባሕሬን ላይ ሮማን ግሮዣን እሳት ውስጥ 28 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሲወጣ የነበረውን ያስታወሰ ይህን አይስተውም። ብራንድል ራሱ በ1994 ሱዙካ ዝናብ ላይ ተንሸራትቶ ከአንድ ማንሻ መኪና ለጥቂት ተርፏል፣ አንድ ሰራተኛ ግን ገጭቶ እግሩን ሰብሮታል። ከ20 ዓመት በኋላ እዚያው ሱዙካ፣ እንዲሁ በዝናብ፣ ዡል ቢያንኪ ማንሻ መኪና ስር ገባ፤ ከወራት በኋላም ሞተ። መንገዱ ዳር መኪና የሚያነሳ ትራክተር በቆመ ቁጥር የብራንድል ድምፅ የሚለወጠው ለዚህ ነው። ጋዜጠኛ ያን ቢጫ ትራክተር ሲያይ የቆመ መኪና ሊነሳ ነው ይላል።

እና ይህን በአማርኛ ማን ይነግረናል? ዕቃው አለን፤ መሪ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ነዳጅ። ጎሚስታው ጎማ በአንድ በኩል ለምን እንደተበላ በጣቱ ዳብሶ ይነግራችኋል። የጎደለን ያንን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ላይ የዳበሰ ሰው ነው። ወይስ ግድ አይደለም? ሰው ሳይነዳ፣ በደንብ በማየት ብቻ እጅ ማንበብ ይችላል? አላውቅም። እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ቁጭ ብዬ ስለ ኩርባ የማስተምራችሁ እኔ እንኳን ፎርሙላ መንጃ ፈቃድም የለኝ። ከለገሃር አራት ኪሎ ጋቢና ስሳፈር ሹፌሩ ፍሬን ያዘገየ በመሰለኝ ቁጥር ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል። ባለፈው አንዱ እግሬን አየት አድርጎ «ወንድሜ፣ አንተ ጋ ያለው ይሰራል እንዴ?» አለኝ።