ሁለት ሚስኮል

ዛሬ እማዬ ቤት፣ የቡፌው መሳቢያ ውስጥ ባለ መብራቷን ኖኪያ 1100 አገኘኋት። ባትሪዋ አብጧል። በአዲስ ቀይሬ ስከፍታት እነዚያ ሁለት እጆች ተጨባበጡ። ያመለጡ ጥሪዎች ውስጥ ገባሁ። ከላይ እስከ ታች አባዬ፣ አባዬ፣ አባዬ።

ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል ጽሑፍ መልእክት ሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ? ያኔ የእኛ ቤት በሚስኮል ነበር የሚተዳደረው። አንዴ ከጠራ “ደርሻለሁ”። ሁለቴ ከጠራ “በር ክፈቱ”። ሳንቲም አይቆርጥም! ተሳስቶ ያነሳ ግን ጉዱ ፈላ።

አሁን የአምስት ደቂቃ ቮይስ ሲላክልኝ ግማሹን ሳልሰማ እዘጋዋለሁ።

እማዬ ስልኳን ከእጄ ወሰደችና “እንዳታጠፊው” አለችኝ። መልሳ መሳቢያው ውስጥ ከተተቻት። እንደበራች።