ጠቅ ጠቅ የምትለው ሞተሬ

እሑድ ጠዋት ነው፤ ገና 1 ሰዓት አልሞላም። የሥላሴ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። እኔ ግቢው መሃል ማዳበሪያ አንጥፌ ሞተሬ ፊት ቁጭ ብያለሁ። አጠገቤ ሳፋ፣ ካቻቪቴ፣ ጥቂት ቁልፎች፣ በሃይላንድ የተቀዳ ነጭ ጋዝና ድሮ ቲሸርት የነበረ ጨርቅ አለ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል። ለሞተር ደግሞ አንድ ሊትር ዘይት።

የምኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ግቢ ሞተር መፍታት የግል ጉዳይ አይደለም። ውኃ ሊቀዳ የወጣም፣ ልብስ ሊያሰጣ የወጣም አስተያየት ሳይሰጥ አያልፍም። ትናንት ማታ አንዱ ጎረቤቴ "ነገም ልትፈታት ነው? ምን አድርጋህ ነው?" አለኝ። ምንም አላደረገችኝም። ችግሩ እኔ ያደረግኳት ነው።

ሞተሬ 125 ሲሲ ናት። የቻይና ሥሪት ትሁን እንጂ ሞተሯ ከሆንዳ ሲጂ 125 የተቀዳ ነው። ሆንዳ ያንን ሞተር በ1976 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ያሰበው ሰርቪስ በቅጡ ለማይደረግበት አገር ነበር። ቫልቮቹን፣ ማለትም አየርና ቤንዚን የሚያስገባውንና ጭስ የሚያስወጣውን ሁለቱን በሮች፣ ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ከታች እየገፉ ይከፍቷቸዋል። ለዚህ ሥራ ውስጧ የሚላላ ካቴና የለም ማለት ነው። በዚያ ላይ ጭነት አይከብዳትም፣ ጭቃ አያስደነግጣትም። ሰው ቻይና ናት ይላታል። እኔ ቻይ ናት እላለሁ።

እጄ ዘይት የለመደበት ታሪክ የሚጀምረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ሰኔ 30 ላይ በከተማው ሞተር ሳይክል ሲገደብ ሸራ አልብሼ አቆምኳት። የምሠራበት ድርጅት ፈቃድ እስኪያወጣ ወራት አለፉ። ከዚያ ላስነሳት ብል እምቢ አለች። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቋል። ለመካኒክ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረኝ ራሴ ፈታሁት። ያቺን ከመርፌ ጫፍ የማትሰፋ የቤንዚን ቀዳዳ ከኤሌክትሪክ ገመድ በመዘዝኳት አንዲት የመዳብ ክር ከፈትኳት። ስትነሳ ግቢው እስኪሰማ ጮህኩ።

ከዚያ ወዲህ መካኒክ ጋ የሄድኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዘይት ሲቀይርልኝ የመፍሰሻውን ብሎን ጥርሱ እስኪበላ አጠበቀው። በሁለተኛው ያንኑ ላስጠግን፣ ሌላ ጋ።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ባለፈው ሚያዝያ ነው። ከእማማ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነን። አንድ ቀን በር ላይ ቆሙና፣ "አንተ ልጅ፣ ይቺ ሞተርህ የስፌት መኪና ውጣለች እንዴ? ጠዋት ጠዋት ጠቅ ጠቅ ስትል ራሴን ትበጠብጠኛለች እኮ" አሉኝ። አፈርኩ። "እሺ እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አስተካክላታለሁ" አልኩ። በነጋታው የቫልቮቹን ማስተካከያ አጠበቅኳቸው። መለኪያ የሚባል ነገር አልያዝኩም። ጠቅታው እስኪጠፋ ድረስ ብቻ። ሞተሯ እንደ ድመት ለሰለሰች። እማማ "እደግ" ብለው መረቁኝ። እኔም ተጀነንኩ።

ሁለት ሳምንት አልቆየም። ጠዋት ማስነሻውን አሥር ጊዜ መርገጥ መጣ። ስትሞቅ ደግሞ መብራት ላይ ቀጥ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት ያለውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ትወጣው ነበር። አሁን በሁለተኛም ታለቅስ ጀመር። ካንዴላ ቀየርኩ። ቤንዚኑን ጠረጠርኩ። ከፍታውንም ወቀስኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ካንዴላውም ቶሎ ይጠቁራል። ይህ እውነት ነው። ግን ከፍታው ትናንት አልመጣም።

የጎማውን ካቴና ልገዛ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ ለአንድ አዛውንት ሻጭ ነገሩን አጫወትኳቸው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ድምፅዋስ?"

"ኧረ ጸጥ ብላለች" አልኩ፣ ትንሽ ኮራ ብዬ።

"እሱ ነዋ!" አሉ፣ ጭናቸውን መታ አድርገው።

ጠቅታው በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ድምፅ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ክፍተት ካልተረፈለት ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግፊቱም ያመልጣል። የባሰው የጭስ ማውጫው ቫልቭ ነው። ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያራግፈው ሲዘጋ፣ መቀመጫው ላይ ባረፈ ጊዜ ነው። በደንብ ካልተቀመጠ ጠርዙ ይቃጠላል። እንግዲህ እኔ ጎረቤት ላስደስት ብዬ ሞተሬን ከውስጥ እየጠበስኳት ነበር። ሰውየው ቅጠል ቅጠል የሚመስል የክፍተት መለኪያ ሸጡልኝ። ካቴናውን ረስቼ ተመለስኩ።

ያኔ በችኮላ አስተካከልኳት፤ አገገመችም። አሁን ክረምቱ ስላለፈ ግን ሁሉንም በወጉ ልሥራ ብዬ ነው ዛሬ በጠዋት የተነሣሁት።

ቅደም ተከተሉን የተማርኩት በድካም ነው። ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያድር ነው። ዘይት ደግሞ በደንብ የሚፈሰው ሞተሩ ሞቅ ሲል ነው። ድሮ ዘይቱን አስቀድም ነበር። ከዚያ እስክትቀዘቅዝ ቀኑን ሙሉ ስጠብቅ እሑዴ ያልቃል። አሁን ቫልቭ መጀመሪያ፣ ዘይት በኋላ።

ካንዴላውን ነቀልኩ። እንደ ቡና ገለባ ቡናማ ሆኗል፤ ደስ የሚል ቀለም ነው። ከላይ ያሉትን ሁለት ክዳኖች ከፈትኩ። በጎን ያለውን መሽከርከሪያ "ቲ" የሚለው ምልክት ላይ እስኪደርስ በእጄ አዞርኩት። ምልክቱ ብቻውን ግን አይታመንም፣ በተሳሳተው ዙርም ይመጣልና። ሁለቱም ቫልቮች በጣት ሲነኩ ወዝወዝ ካሉ ትክክል ነው። ከዚያ 0.08 ሚሊ ሜትሩን ቅጠል አስገባሁ። ከራስ ጸጉር ብዙም አይወፍርም። ሲሳብ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት። አስተካክዬ ዳዶውን ሳጠብቅ ክፍተቱ ጠፋ። እንደገና አላላሁት። እንደገና ጠፋ። ለካ ብሎኑን በሌላው እጅ ሳይዙ ዳዶ ማጥበቅ ከንቱ ድካም ነው። በአራተኛው ተሳካልኝ። ጣቶቼ በብርድ ስለደነዘዙ እንጂ በሁለተኛውም ይሆን ነበር። እንዲህ ብዬ ነው ራሴን የማጽናናው።

ከዚያ አስነሥቼ ለጥቂት ደቂቃ አሞቅኳትና ዘይቱን ሳፋው ላይ ለቀቅኩት። እንደ ሬት ጠቁሯል። ይቺ ሞተር የወረቀት ፊልትሮ የላትም፤ ስለዚህ በየ1500 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። 20 ደብሊው 50፣ የሞተር ሳይክል ዘይት። የመኪና ዘይት ረከስ ይል ይሆናል፤ ግን ፍሪሲዮኗም እዚያው ዘይት ውስጥ ነው የሚዋኘው። ማንሸራተቻ የበዛበት ዘይት ከገባ ማርሽ ገብቶ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጎማው አይከተልም። የመፍሰሻውን ብሎን ስመልስ የዚያ መካኒክ ነገር ትዝ እያለኝ በሁለት ጣት ነው ያጠበቅኩት ማለት ይቻላል።

የግቢው ማሙሽ ከእንቅልፉ ተነሥቶ መጣ። ካቴናውን በነጭ ጋዝ እንዲያጥብ ቡርሽ ሰጠሁት። ጭቃው ሲለቅ የክረምቱ መንገድ ሁሉ ሳፋው ላይ ፈሰሰ። እሱ ጎማውን እያዞረ እኔ ዘይት አንጠባጠብኩ። "በጣም ላልቷል፣ አጥብቀው" አለኝ። በጣቴ ወደ ላይና ወደ ታች አነቃንቄ አሳየሁት። ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል መጫወት አለበት፣ ሰው ሲቀመጥበት ይወጠራልና። አላመነኝም። የፍሬኑን ሸራ አየሁ፤ ገና ነው። የጎማ ንፋስ ለጎሚስታ።

ሦስት ሰዓት አካባቢ ቅዳሴው ወጣ። እማማ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ በበሩ ሲገቡ ሞተሯ ተነሥታ ነበር። በአንድ ርግጫ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ቀስ ብላ።

ቆሙ።

"ደግሞ ጀመራት?"

"እማማ፣ ይቺ ዝም ካለች ታማለች ማለት ነው" አልኳቸው። በሚያዝያ የሆነውን አጠር አድርጌ ነገርኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። "እንደኛ ሰውዬ ነቻ! ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ሲያጉረመርሙ አልፈራም ነበር። ዝም ያሉ ቀን ነው ሐኪም ቤት የምወስዳቸው።"

ከዚያ ወደ ቤት ገቡና ቢጫ ጀሪካን ይዘው ወጡ። የአጥራቸውን እንጨት ምስጥ እየበላባቸው ስለሆነ የተቃጠለውን ዘይት ይቀቡታል። ቦይ ውስጥ ከመድፋት ይሻላል። ማሙሽ ጀሪካኑን ያዘ፣ እኔ ሳፋውን አዘነበልኩ። እማማ ከላያችን ሆነው፣ "ቀስ፣ ነጠላዬን እንዳትነኩብኝ" ይላሉ።