ምንም ሳንገዛ የዋልንበት ሞል

ሚኒሶታ የገባነው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2003 ነው፤ እናቴ፣ ታናሽ እህቴና እኔ። አባቴ አምስት ዓመት ቀድመውን መጥተው የአየር ማረፊያ ታክሲ ይነዱ ነበር። የተከራዩልን አፓርታማ ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በኤደን ፕሬሪ ከተማ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በመስኮት ሰው ስፈልግ ዋልሁ። በረዶ አለ፣ በረዶ የሸፈናቸው መኪኖች አሉ፣ ሰው ግን የለም። ጉለሌ እያለን ከግቢ ወጣ ብሎ በራችን አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ መቀመጥ ይበቃ ነበር። አንዱ ሲያልፍ ቆም ይላል፣ ሌላው ይጨመራል፣ ሳይታሰብ ይመሻል። ያን ድንጋይ የሚተካልኝ ነገር ካላገኘሁ እንደማልበረክት በ16 ዓመቴም ገብቶኝ ነበር።

ያገኘሁት ሞል ውስጥ ነው። ኤደን ፕሬሪ ሴንተር ይባላል፤ በ1976 የተከፈተ የገበያ ማዕከል ነው፤ ከቤታችን በእግር ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። ትምህርት ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ለሚማሩ አዲስ መጤዎች በተመደበው ክፍል ሦስት ልጆች ተዋውቄ ነበር። አንዱ ከጎንደር፣ አንዱ ከድሬዳዋ፣ አንዱ ከጅግጅጋ የመጡ ናቸው። ከትምህርት በኋላ አራታችን አንገታችንን ቀብረን በረዶውን እያቋረጥን እንሄዳለን። የመስታወቱ በር ሲከፈት ፊታችንን የሚመታው ሙቀት እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፤ መጀመሪያ ጆሮ ያቃጥላል፣ ቀጥሎ አፍንጫ ይፈታል፣ ከዚያ ሰው መናገር ይችላል። ጫማችን ላይ የተጋገረው በረዶ ቀልጦ ከጠረጴዛው ሥር ትንሽ ኩሬ ሲሠራ ነው ወሬው የሚጀመረው።

ገንዘብ አልነበረንም። አራት ሆነን አንድ ችፕስና አንድ ለስላሳ እንገዛለን፤ ብርጭቆው እንደገና በነፃ ይሞላል። በዓቢይ ጾም ጊዜ ችፕሱ ራሱ የክርክር ርዕስ ሆነ። የጎንደሩ ልጅ ዲያቆን ነበር። ድንቹ የተጠበሰበት ዘይት ዶሮ ተጠብሶበት ከሆነ ጾም ያስገድፋል አለ። የድሬዳዋው ልጅ ሙስሊም ነው፤ እሱም በበኩሉ ያ ዶሮ ሐላል ካልሆነ ዘይቱም ለእሱ እንደማይሆን ተናገረ። የጅግጅጋው ልጅ ደግሞ ድንቹ ምን አጠፋ ብሎ ተነሣ። በዚህ ጉዳይ ሦስት ቀን ተከራክረናል። ከአራታችን በእንግሊዝኛ ደፋሩ እኔ ስለነበርሁ ሄጄ እንድጠይቅ ተላክሁ። ሻጯ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ከዚያ ገባ ብላ አይታ መጣችና የድንቹ መጥበሻ ለብቻው እንደሆነ ነገረችኝ። ያንን መልስ ይዤ ወደ ጠረጴዛው ስመለስ የተሰማኝ ኩራት፣ በኋላ ዲፕሎማዬን ስቀበል እንኳ አልተሰማኝም።

አባቴ ግን ሞል መዋላችንን ሲሰሙ አንድ ቃል ብቻ ነበራቸው፤ «ቦዘኔ»።

ይህን ቃል እንደ ተራ ስድብ የሚያነብ ሰው አባቴን አይረዳቸውም። እኛ አገር በለቀቅንበት ሰሞን፣ በ1996 ዓ.ም.፣ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ወጥቶ ነበር። በቦዘኔነት የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይለቀቅ የሚከለክል አዋጅ ነው። ሥራ የሌለው፣ መንገድ ዳር የተቀመጠ ወጣት ያ ቃል ከተለጠፈበት መታፈስ ሊደርስበት ይችል ነበር። እናቴ ወደ ሰፈር ስትደውል የምትሰማው የታፈሱ ልጆችን ስም ነበር። እኔ የተቀመጥሁበት ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው። አባቴ ሌሊት ነድተው ጠዋት ሲገቡ፣ ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ፣ «ከዚያ ያወጣኋችሁ እዚህ ጥግ ይዛችሁ እንድትቀመጡ ነው?» ሲሉኝ ቁጣ ይመስለኝ ነበር። አሁን እኔም የልጆች አባት ስሆን ፍርሃት እንደነበር አውቃለሁ።

ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ በአውቶቡስ ራቅ ብለን ወደ ሌላ ሞል ሄድን፤ የትኛው እንደሆነ አልጠቅስም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ የጥበቃ ሠራተኛ መጣና ምን ልንገዛ እንደመጣን ጠየቀን። ምንም አልን። እንግዲያውስ ውጡ አለን። ከእኛ ቀጥሎ ባለው ወንበር አራት የእኛ እኩዮች፣ ነጮች ናቸው፣ እንደ እኛው ባዶ እጃቸውን ተቀምጠው ነበር፤ እነሱን አላያቸውም። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነበር፤ አውቶቡሱ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ቆመን ጠበቅን። የጅግጅጋው ልጅ ጓንት አልነበረውም። በየተራ ጓንታችንን እያወለቅን አጠለቅንለት። ስለዚያ ቀን ለአባቴ አልነገርኋቸውም።

ፊልሙን ያየሁት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በአንድ መጋዘን የሌሊት ፈረቃ ስሠራ አብሮኝ ሣጥን የሚጭን አሜሪካዊ የት እንዳደግሁ ጠየቀኝ። ኤደን ፕሬሪ ስለው ፊቱ በራ። «ሞልራትስ የተቀረጸበት!» አለኝና በማግስቱ ዲቪዲውን ይዞልኝ መጣ። ርዕሱ የሞል አይጦች እንደማለት ነው። ዳይሬክተሩ ኬቨን ስሚዝ ይባላል፤ ከዚያ በፊት በ27 ሺህ ዶላር ግድም በጥቁርና ነጭ በሠራው ፊልም ስም አውጥቶ፣ ሁለተኛው በሆነው በዚህ ፊልም 6 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሰጠው። በ1995 ሲወጣ ሲኒማ ቤት ያስገባው ከ2 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። ሰው የወደደው ቆይቶ፣ በቪዲዮ ነው። ታሪኩ ኒው ጀርሲ ውስጥ ይሁን እንጂ የተቀረጸው በእኛ ሞል ነው፤ ሕንፃው ከዚያ በኋላ ስለታደሰ ግን አንዱን ኮሪደር ለመለየት ብዙ ደከምሁ።

ከድሬዳዋው ልጅ ጋር ነበር ያየነው። ለቤተሰብ የሚታይ ፊልም አይደለም፤ ቀልዱ ብልግና ይበዛበታል፣ ከፊሉን ዛሬም አልወደውም። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁለት ወጣቶች በአንድ ቀን ፍቅረኞቻቸው ጥለዋቸው ይሄዳሉ፣ እነሱም ሐዘናቸውን ይዘው ሞል ይሄዳሉ። እዚያ ይዞራሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ። አንደኛው፣ ብሮዲ የሚባለው፣ ብስኩት መሸጫው የምግብ አዳራሹ አካል ነው ወይስ አይደለም በሚል ጓደኛውን አጥብቆ ይሞግተዋል። ጓደኛዬና እኔ ተያየን። «ዘይቱ!» አለ። ፊልሙን አቁመን ለረጅም ጊዜ ሳቅን፤ ስንጨርስ እሱ ዓይኑን እየጠረገ ነበር፤ የሳቅ ዕንባ ብቻ አልነበረም።

ቀልድ የማይመስለኝ ግን ሌላው ትዕይንት ነው። ቤን አፍሌክ የሚጫወተው የልብስ መደብር ሥራ አስኪያጅ ብሮዲን ብቻውን ያገኘዋል። ለመግዛትም ለመሥራትም ሳትመጣ እንደ ቤትህ እዚህ ትውላለህ፤ የሚገዛው ነገር ሳይኖረው ሞል የሚመጣን ሰው አላከብርም ይለዋል፤ ከዚያም ይደበድበዋል። ይህን ስሰማ ያ የጥበቃ ሠራተኛ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ወደ ኋላ መልሼ ሁለት ጊዜ አየሁት። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለነበር ያን ቀን የተባልነውን ሁሉ አልሰማሁም ነበር፤ ቃል በቃል የተነገረኝ አሁን ነው የመሰለኝ። ዳይሬክተሩ ለብሮዲ ማዘኑን ወድጄለታለሁ። ሁለቱ ልጆች ከጥበቃው ሲሸሹ ተመልካች እንዲስቅ ማድረጉ ግን ከእኛ ሕይወት ጋር አይገጥምም። እኛ ብንሮጥ ፖሊስ ይጠራል፤ ፖሊስ ከተጠራ ደግሞ ወረቀታችን ላይ ምን እንደሚጻፍ አናውቅም። እነሱ ሮጠው ቤታቸው ይገባሉ።

ሌላም ሰው አለ በፊልሙ ውስጥ። አንድ ግዙፍ ወጣት በነጥብ የተሞላ ሥዕል ፊት ተገትሮ ይውላል። ሥዕሉ ውስጥ የተሸሸገች ጀልባ አለች፤ የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ ገና ከመድረሱ ያያታል፣ ለእሱ ብቻ አትታየውም። እኔ በዚያ ሰው የጎንደሩን ጓደኛችንን አየሁ። ያ ልጅ ዘወትር ወደ መግቢያው በር የሚያይበትን ወንበር ነበር የሚመርጠው። ቦታ ብንቀያየር ይከፋው ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅነውም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው የነገረን። እናቱ ጎንደር ቀርታ ጉዳይዋ ሳያልቅ ቆይቶ ነበር። በበሩ ገብተው ጫማቸውን ከበረዶ የሚያራግፉትን ሴቶች ሁሉ እያየ፣ አንዷ ነጠላዋን ከኮቷ ሥር አውጥታ ወደ እኛ ትመጣለች ብሎ ያስብ እንደነበር ነገረን። ሌላው ሁሉ እናቱን ማታ ቤቱ ሲገባ ያገኛታል። እናቱ በመጨረሻ የመጣችው በ2009 ነው፤ አራታችንም አየር ማረፊያ ሄደን ተቀበልናት።

ኮሌጅ ገብቼ ስለ ከተሞች አሠራር ስማር ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር ደረሰኝ። ከአናቱ እስከ እግሩ ተዘግቶ፣ በጋ ከክረምት በአንድ ሙቀት የሚቆይ የመጀመሪያው የአሜሪካ ሞል ሳውዝዴል ይባላል፤ የተከፈተው በ1956፣ ከእኛ አጠገብ ባለችው በኢዳይና ከተማ ነው። የነደፈው ቪክቶር ግሩን የሚባል አርክቴክት ነው። ግሩን የቪየና ይሁዲ ነበር፤ በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ሸሽቶ አሜሪካ የገባ ስደተኛ። አሜሪካኖች በየመኪናቸው ተነጣጥለው ሲኖሩ አይቶ፣ የቪየናን አደባባይ በጣሪያ ሥር ሊሠራላቸው አሰበ። ሳውዝዴል መሐል ላይ ትልቅ የወፍ ቤት አቆመ፤ ሰው ቆሞ እንዲያይ፣ ተቀምጦ እንዲያወራ። በዙሪያውም መኖሪያ ቤትና ትምህርት ቤት እንዲኖር አቅዶ ነበር። የተስፋፋው መሸጫው ብቻ ሆነ። ተስፋ ቆርጦ በ1968 ቪየና ተመለሰ፤ እዚያም ከከተማው በስተደቡብ ግዙፍ ሞል ሲሠራ አይቶ፣ በ1980 ሞተ። መምህራችን ይህን ሲነግሩን እጄን አውጥቼ መናገር ፈለግሁ፤ ድምፄ ይቆራረጣል ብዬ ተውሁት። አንድ ስደተኛ ናፍቆቱን አስታሞ የሠራው ቤት ለእኛ በትክክል ሠርቶልናል ልላቸው ነበር።

ሞሎቹ ግን ወጣቶችን መጠራጠር የጀመሩት ከእኛ በፊት ነው። ብሉሚንግተን ያለው ሞል ኦቭ አሜሪካ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ያለ አዋቂ እንዳይገባ የሚል ደንብ ያወጣው በ1996 ነው። የቦዘኔ አዋጁም የወጣው በ1996 ነው፤ አንዱ በእነሱ፣ አንዱ በእኛ አቆጣጠር።

አባቴ ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ጉልበታቸው ስለታመመ ሐኪም መራመድ አለብዎት ብሏቸዋል፤ በበረዶ ግን አይራመድም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሞል አደርሳቸዋለሁ። ከታክሲ ዘመን ጓደኞቻቸው ጋር ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ይዞሩና ቁጭ ይላሉ። አንድ ቡና ለሁለት ይካፈላሉ። እስከ ቀትር የአገር ጉዳይ ይነሣል፣ ይጣላል።

ባለፈው ጾም አንድ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ልወስዳቸው ስሄድ ጓደኞቻቸው ተበትነው ብቻቸውን አገኘኋቸው። ቁጭ በል አሉኝ። ችፕስ ገዝቼ መጣሁ። ዙሪያውን አየት አየት አደረጉና፣ «ያኔ እዚህ ተቀምጣችሁ ምን ነበር የምታወሩት?» ብለው ጠየቁኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው። ስለ ዘይቱ ነገርኋቸው፤ ዲያቆኑ ያለውን፣ የድሬዳዋው ልጅ ያለውን፣ እኔ እንዴት እንደተላክሁ። እስክጨርስ በጸጥታ ሰሙኝ። ከዚያ ያነሱትን ችፕስ ወደ ሣሕኑ መለሱና፣ «መጥበሻው ለብቻው ይሁን፤ ማንኪያውስ?» አሉኝ።

ስለ ማንኪያው አልጠየቅንም ነበር። ኮቴን አውልቄ ወንበሬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ።