የቃላት ቤተ ዘመድ፦ የግሪክና የላቲን ሥርወ ቃላትን የተማርሁበት መንገድ

በእንግሊዝኛ የተጻፉ የሳይንስና የሕክምና ጽሑፎችን ሳነብ በየገጹ እንግዳ ቃል እየገጠመኝ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ስላታከተኝ፣ አብዛኞቹ ቃላት የተገነቡባቸውን የግሪክና የላቲን ሥርወ ቃላት ለመማር ወሰንሁ። መጀመሪያ ያደረግሁት 200 ያህል ሥርወ ቃላትን፣ ባዕድ መነሻዎችንና ባዕድ መድረሻዎችን ከነፍቻቸው በደብተር ደርድሮ መሸምደድ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በቃሌ እወጣው ነበር፤ ንባብ ላይ ስቀመጥ ግን አንዱም አይደርስልኝም። «ፎቶ» ብርሃን፣ «ግራፍ» መጻፍ መሆኑን እየደጋገምሁ ሳጠና፣ ዘወትር የምጠራው ፎቶግራፍ «በብርሃን መጻፍ» ማለት መሆኑን ልብ ሳልል ነው የቆየሁት።

መንገዴን ያስቀየረኝ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አንድ ቃል ነው። ቴሌስኮፕ «ቴሌ» ሩቅ፣ «ስኮፕ» መመልከት ከሚሉት የተሠራ መሆኑን ካየሁ በኋላ የ«ስኮፕ»ን ዘመዶች ስፈልግ ኤጲስ ቆጶስን አገኘሁት። የግሪክኛው «ኤፒስኮፖስ»፣ «ኤፒ» በላይ እና «ስኮፖስ» ተመልካች ተጣምረው፣ ከበላይ ሆኖ የሚመለከትና የሚጠብቅ ማለት ነው። ከላቲን የመጣው ሱፐርቫይዘርም «ሱፐር» በላይ፣ «ቪዝ» ማየት ስለሆነ፣ ሁለቱ ቃላት በፍቺ መንትዮች ናቸው። በነገራችን ላይ እኛ ኤጲስ ቆጶስን ስንጽፍ የምንከፍለው በተሳሳተ ቦታ ነው፤ የሁለተኛው ቃል መነሻ የሆነችው «ስ» ከመጀመሪያው ጋር ቀርታለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ሄሊኮፕተርን «ሄሊ» እና «ኮፕተር» ብለው ይከፍሉታል፤ የግሪክኛው ክፍፍል ግን «ሄሊኮ» ጠመዝማዛ፣ «ፕተር» ክንፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን ትቼ ከንባቡ መነሣት ጀመርሁ። አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ሲገጥመኝ በመዝገበ ቃላት ውስጥ የቃሉን አመጣጥ አነባለሁ፤ ሥሩን በአንድ ገጽ ራስጌ እጽፋለሁ፤ ዘመዶቹን በየጊዜው ሳገኛቸው ከሥሩ እመዘግባለሁ። ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ የላቲኑ «ስፒራሬ»፣ መተንፈስ፣ ያለበት ገጽ ነው። ሬስፒሬሽን መተንፈስ ነው፤ ኤክስፓየር የመጨረሻዋን ትንፋሽ ማውጣት፣ ከዚያም ማብቃት ሆነ፤ ኮንስፓየር አብሮ ከመተንፈስ ተነሥቶ ወደ መዶለት ሄደ። ስፒሪት መንፈስ ነው፤ በአማርኛም ተነፈሰ፣ እስትንፋስ፣ ነፍስና መንፈስ በአንድ ሥር ነ-ፈ-ሰ ይገናኛሉ። ሥር ፈልቅቆ ማውጣት ለአማርኛ ተናጋሪ የለመደው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ እኔ እንደ ባዕድ ጥበብ ስሸመድደው ነበር።

ግምት ግን አሳፍሮኛል። «ፔድ» በላቲን እግር መሆኑን ከፔዳል ስለተማርሁ፣ ፔዲያትሪክስን የእግር ሕክምና አድርጌ አንድ ሙሉ አንቀጽ አነበብሁ፤ ቃሉ ልጅ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ የሕፃናት ሕክምና ነው። ኢንፍላመብል የሚለውን ደግሞ «ኢን» አሉታ ነው ብዬ እሳት የማይነካው ነገር መሰለኝ፤ በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው፤ እዚያ ያለው «ኢን» «ወደ ውስጥ» የሚለው ነውና። ጽሑፉ ስለ ኬሚካል አያያዝ ስለነበር ስሕተቴ ከወረቀት ባለማለፉ ዕድለኛ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከሥሩ ገምቼ ሳላረጋግጥ የማልፈው ቃል የለም።

ትርፉም በሁሉም መስክ እኩል አይደለም። የሕክምና ቃላት ሆን ተብለው ከክፍሎች የተገጣጠሙ በመሆናቸው ብዙ አያታልሉም፤ ብግነትን የሚያመለክተው «አይተስ» ከጉበት ጋር ሄፓታይተስ፣ ከጨጓራ ጋር ጋስትራይተስ፣ ከመገጣጠሚያ ጋር አርትራይተስ ይሆናል። በዕለታዊ ንግግር ለዘመናት የኖሩት ቃላት ግን ከሥራቸው ርቀዋል፤ ጡንቻን የሚጠራው የእንግሊዝኛ ቃል በላቲን «ትንሽ አይጥ» ማለት መሆኑን ማወቅ ለትውስታ ይረዳል እንጂ ፍቺውን አያስገምትም።

የ«ስኮፕ» ገጽ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በቅርቡ የገባው ስቴቶስኮፕ ነው፤ «ስቴቶስ» ደረት ስለሆነ ቃሉ በቁሙ «ደረት መመልከቻ» ነው፤ ሐኪሙ ግን በመሣሪያው የሚያየው ነገር የለም፣ ያዳምጥበታል። ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጌበታለሁ።